ከአትላንታ እስከ ሮክ ክሪክ፦ ከእማዬ ጋር ቴኒስ ያየሁበት ሳምንት

እሑድ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

አትላንታ ጥግ ካለችው ከክላርክስተን የተነሣነው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ነው። እማዬ እንቅልፍ የሚባል ባይኗ አልዞረም፤ ስነቃ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዳቦ ቆሎውን በሁለት ፌስታል ቋጥራ፣ ቡናውን ፔርሙዝ ውስጥ ገልብጣ ሳሎን ተቀምጣ አገኘኋት። ከአዲስ አበባ ከመጣች ወር ሊሞላት ነው። ዋሽንግተን ጥግ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረውን ታናሽ እኅቷን በዓይኗ ካየቻት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ለእሷ የጉዞው ምክንያት ይኸው ነው። እኔ ግን አንድ ሌላም አለኝ። የዓመት ፈቃዴን ለይቼ በዚህ ሳምንት የወሰድኩት ዋሽንግተን ላይ ቴኒስ ስላለ ነው፤ ያውም የሴቶቹ ነጠላ ውድድር።

ከአትላንታ ዋሽንግተን ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ደቡብ ካሮላይናን በጨለማ ጀመርናት፣ ሻርለት ላይ ቁርስ በላን፣ ቨርጂኒያ ስንገባ ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ይሰማ ጀመር። «አገራችን አሁን ጋቢ ነው» አለች እማዬ፣ «እዚህ እሳት»።

ሪችመንድ ላይ ከአውራ ጎዳናው ወጣሁ። መንገድ የተሳሳትኩ መስሏት ዝም ብላ አየችኝ። ሞኑመንት ጎዳና ላይ የቆመውን የአርተር አሽን ሐውልት ሳላሳያት ማለፍ አልፈለግኩም። አሽ የዚህች ከተማ ልጅ ነው፤ በፈረንጆቹ 1943 እዚሁ ተወለደ። በልጅነቱ ነጮች የሚጫወቱባቸው የከተማዋ የቴኒስ ሜዳዎች ለጥቁር ዝግ ነበሩ። አባቱ የጥቁሮች መናፈሻ ጠባቂ ስለነበሩ ራኬት የጨበጠው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። በ1968 የአሜሪካ ኦፕንን፣ በ1975 የእንግሊዙን ዊምብልደንን አሸነፈ። ሐውልቱ ላይ በአንድ እጁ መጻሕፍት፣ በሌላው ራኬት ይዟል፤ ልጆች ከበውት ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ። በዚህ ጎዳና ላይ ለባርነት የተዋጉ የጦር አለቆች ተደርድረው ነበር። ዛሬ እነሱ ተነሥተዋል፣ እሱ ቆሟል።

እማዬ ሐውልቱን ዞራ አየችው። «እናቱስ?» አለችኝ።

«ገና ስድስት ዓመቱ ሳለ ነው የሞተችበት።»

ከንፈሯን መጠጠች። መኪና ውስጥ እስክንገባ ሌላ ቃል አልወጣትም። ሲልቨር ስፕሪንግ የደረስነው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ነው። ስለ ሁለቱ እኅትማማቾች መገናኘት አልጽፍም፤ የእነሱ ነው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

በፈረንጆቹ ጁላይ 21 መሆኑ ነው፣ የዋናው ውድድር መጀመሪያ ቀን። አክስቴ ሥራ ገብታለች። እማዬን «ነይ፣ አየር ትቀበያለሽ» ብዬ ይዣት ወጣሁ።

ሮክ ክሪክ ፓርክ የሚገኘው የቴኒስ ስታዲየም ከአክስቴ ቤት የአንድ አውቶቡስ መንገድ ነው። 16ኛ ጎዳና ላይ፣ ኬኔዲ ጎዳና መጋጠሚያው ጋ ትወርዳላችሁ፤ ዛፍ፣ ዛፍ፣ ከዚያ የሰው ሰልፍ። ትልቁ ሜዳ 7,500 ሰው ይይዛል። የእኛ ሰው ምግብ ቤት፣ ፀጉር ቤትና ሱቅ የደረደረበት የጆርጂያ ጎዳና ከዚህ በእግር የሚደረስ ነው።

እማዬን ማስቸገር የጀመርኩት በቆጠራው ነው። አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ከዚያ ጌም። «ከሠላሳ በኋላ ለምን አርባ አምስት አልሆነም?» ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ዜሮውን «ላቭ» እንደሚሉት ስነግራት ግን ደስ አላት፤ «ምንም የሌለው ሰው ፍቅር አለው ማለት ነው» ብላ ተረጎመችው። የከበደው ቀጥሎ የመጣው ነው። «አንድ ሴት አሸንፋለች፣ ሁለተኛዋን ሴት ከወሰደች አበቃ» ብዬ ሳስረዳት እማዬ ሜዳውን ትክ ብላ አየች። «ሴቶቹ ያው ናቸው እኮ። ማንን ነው የምትወስደው?» ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «ሴት» የሚለውን የጨዋታ ቃል ትተን «ዙር» ማለት ጀመርን። ስድስት ጌም ያሸነፈች ዙሩን ትወስዳለች፣ ግን በሁለት መብለጥ አለባት፤ ስድስት ለስድስት ከሆኑ ታይብሬክ የሚባለው መለያ ጌም ይመጣል። እማዬ በጣቶቿ አንጓ መቁጠር ያዘች፤ ልክ ጸሎት እንደምትቆጥረው።

የዛሬው ትልቁ ነገር የጥንድ ጨዋታ ነበር። ቪነስ ዊሊያምስ ከዚህችው ከተማ ልጅ ከሄይሊ ባፕቲስት ጋር ተጣምራ ዩጂኒ ቡሻርንና ክሌርቪ ንጉኑዌን 6-3፣ 6-1 አሸነፈች። ቪነስ ብቅ ስትል ሰዉ ተነሣ። እማዬም ተነሣች፤ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ሰው ሲነሣ መቀመጥ ነውር ስለሆነ።

«ማናት እሷ?»

«ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት። ነገሩን መቋጨት ስላልፈለግኩ ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ቪነስን መጀመሪያ ያየኋት በ1992 ዓ.ም. ሐምሌ አንድ ቀን፣ ጎረቤታችን ቤት፣ በዲሽ ነው። አሥር ዓመቴ ነበር። ዊምብልደንን ያሸነፈችበት የመጀመሪያዋ ቀን ነበር፤ ሊንዚ ዳቨንፖርትን ረትታ፣ እንደ ሕፃን እየዘለለች ነበር የደነሰችው። ያኔ እማዬ ቤይሩት ናት። እኔ አያቴ ጋ። ረጅሟን፣ ጠቋራዋን፣ ነጭ የለበሰችውን ልጅ ሳይ ለማን እንደምነግር አላውቅም ነበር፤ እናቴ የምትደውለው በወር አንዴ ነው፣ ያም ቢሆን ስለ ትምህርትና ስለ ጤና ብቻ።

እነሆ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ማታ ነው፣ መብራቱ በርቷል፣ ላብ በጀርባችን ይወርዳል።

ቪነስ አርባ አምስት ዓመቷ ነው። ግራንድ ስላም ከሚባሉት ከአራቱ ትልልቅ ውድድሮች ሰባት የነጠላ ዋንጫ አላት፤ አምስቱ ዊምብልደን። በፈረንጆቹ 2011 ሾግረን የሚባል፣ መገጣጠሚያን የሚያምና አቅም የሚያሳጣ ሕመም እንዳለባት ተናግራ ነበር። በነጠላ ከተጫወተች ዐሥራ ስድስት ወር አልፏል፤ እዚህ የገባችውም በአዘጋጆቹ ልዩ ግብዣ ነው። ከፊቷ የቆመችው ፔይተን ስተርንስ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ቪነስ በ1994 ፕሮፌሽናል ሆና መጫወት ስትጀምር ስተርንስ አልተወለደችም።

«ልጅ አላት?» አለች እማዬ።

«የላትም። እጮኛ አላት።»

«ይባርክላት።»

ከዚያ ጨዋታው ተጀመረ። ስለ ሰርቭዋ፣ ነጥቡን ስለምትጀምርበት ምት፣ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ቴሌቪዥን አያሳየውም። ኳሷን ወደ ላይ ስትለቃት እጇ ቀጥ ብሎ ይቀራል፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ፤ ጉልበቷ ትንሽ ይሸበረካል፤ ከዚያ ድምፁ ይመጣል። ሌሎቹ ሲመቱ «ጠብ» ይላል። የእሷ እንደ በር መዘጋት ነው፣ ደረትሽ ላይ የሚሰማ። ሩጫዋ ቀንሷል፤ ወደ ጎን የሄደች ኳስ ላይ አንድ እርምጃ ሲጎድላት ታየዋለሽ። ግን ኳሷ እጇ ላይ ከገባች ዕድሜ የሚባል ነገር የለም።

የመጀመሪያውን ዙር 6-3 ወሰደች። በሁለተኛው 5-4 መርታ ለመዝጋት ሰርቭ ስታደርግ እማዬ ጣቶቿን መቁጠር ትታ የነጠላዋን ጥለት ጠቅልላ በጥርሷ ያዘችው። የማሸነፊያ ነጥብ አንዱ አመለጣት፣ ሌላውም። ሰዉ በየነጥቡ ይነሣል፣ ይቀመጣል። በመጨረሻ የስተርንስ ኳስ መረቡ ላይ ሲቀር 6-4 ሆነ። ከቪነስ በላይ በዕድሜ ገፍታ በዚህ ደረጃ የነጠላ ጨዋታ ያሸነፈች ማርቲና ናቭራቲሎቫ ብቻ ናት፣ በ2004፣ በአርባ ሰባት ዓመቷ።

ቪነስ እየተሽከረከረች ለአራቱም ማዕዘን እጇን አወዛወዘች። እልል ያለ ሰው ሰማሁ። ዞር ስል እማዬ ናት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ኪዳነ ምሕረት፣ ጾምም ነው። አልሄድንም። እማዬና አክስቴ ሽሮና ጎመን ሠርተው፣ ከሰዓት ቡና አፈሉ። ትናንት የሆነውን እማዬ ለእኅቷ ስትተርክ ሰማሁ፤ ውጤቱን በትክክል፣ የተሸናፊዋን ስም ግን «ያቺ ቆንጆ ልጅ» እያለች።

አክስቴ እዚህ ስትኖር ሃያ ዓመት ሊደፍን ነው። በ16ኛ ጎዳና አውቶቡስ ስታዲየሙን ስንት ሺህ ጊዜ እንዳለፈችው ራሷም አታውቅም። አንድ ቀን ገብታ አታውቅም። «የሀብታም ነገር ይመስለኛል» አለችኝ። ይህ ነገር ከነከነኝ፤ ስታዲየሙ እዚህ ሰፈር ያለው በአጋጣሚ አይደለምና። በ1969 ውድድሩ ሲጀመር አርተር አሽ እንዲጫወት ሲጠየቅ አንድ ቅድመ ሁኔታ አቅርቦ ነበር፦ ጥቁርና ነጭ አብረው በሚኖሩበት ሰፈር ይሁን፣ ጥቁሮች በእግራቸው መጥተው ይዩ። ያኔ ሪችመንድ ላይ በሩ የተዘጋበት ልጅ ነው ይህን የጠየቀው። ለእኛም ነው፤ ከእሱ በኋላ መጥተን በዚሁ ሰፈር የሰፈርነው።

ሴቶቹ ግን ያ በር ቆይቶ ነው የተከፈተላቸው። እዚህ ውድድር ሴቶች መጫወት የጀመሩት በ2011፣ በሜሪላንዱ ኮሌጅ ፓርክ ነው፤ ወደ ሮክ ክሪክ የገቡት በ2012። ከ2023 ጀምሮ የወንዶቹም የሴቶቹም ውድድር እኩል 500 ነጥብ ያስገኛል፤ የመጀመሪያዋ አሸናፊም ኮኮ ጎፍ ነበረች። ነጥቡ እኩል ቢሆንም ገንዘቡ ዛሬም እኩል አይደለም። የሴቶቹ ማኅበር እንዲህ ባሉ ጥምር ውድድሮች በ2027 እኩል አደርጋለሁ ብሏል። የአሜሪካ ኦፕን እኩል መክፈል የጀመረው በ1973 መሆኑን ስታስቡ፣ እንዲህ ለሚጎተት ነገር ሃምሳ ዓመት ምን ይባላል? ዊምብልደን እኩል የከፈለው በ2007 ነው፤ ያንን ለማስከበር ደብዳቤ የጻፈች፣ ስብሰባ የገባች፣ ዓመታት የተሟገተች ማን ናት? ያቺው ትናንት ማታ ያየናት ሴት። በዚያው ዓመት ዋንጫውን ራሷ ወሰደችው።

ይህን ለሁለቱ ስነግራቸው አክስቴ ሲኒዋን አስቀመጠችና «ነገ ፈቃድ እጠይቃለሁ» አለች።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ፈቃድ አላገኘችም። እኔና እማዬ ብቻችንን።

ቀን ላይ ኤማ ራዱካኑ ናኦሚ ኦሳካን 6-4፣ 6-2 አሸነፈች። ጨዋታው ከጠበቅኩት በላይ ቶሎ አለቀ። ኦሳካ አራት ግራንድ ስላም ያላት፣ በ2023 ሴት ልጅ ወልዳ የተመለሰች ናት፤ እማዬ ይህን ስትሰማ ወዲያው ወገንተኛ ሆነች፣ ስትሸነፍም ከፋት። ራዱካኑ ደግሞ በ2021 ከማጣሪያ ተነሥታ የአሜሪካ ኦፕንን የወሰደች እንግሊዛዊት ናት። በዚያ ፍጻሜ የተሸነፈችው ልጅም እዚሁ ዋሽንግተን ናት፦ ሌይላ ፈርናንዴዝ። እሷ ደግሞ በውድድሩ በደረጃ አንደኛ ሆና የገባችውን ጄሲካ ፔጉላን 6-3፣ 1-6፣ 7-5 ጥላታለች። ስሟን ያዙልኝ።

ማታ ቪነስ በማግዳሌና ፍሬች 6-2፣ 6-2 ተሸነፈች። አክስቴ ቤት ሶፋ ላይ ሆነን ነው ያየነው። እማዬ አላዘነችም። «መጥታለች፣ አሸንፋለች፣ ሄደች። በቂ ነው» ብላ ለመተኛት ተነሣች። እኔ ግን ቴሌቪዥኑን ለማጥፋት ትንሽ ቆየሁ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ሙቀቱ የሰው ሥራ አይመስልም። የወንበሩ ብረት ያቃጥላል፤ እማዬ ነጠላዋን በውሃ አርሳ ራሷ ላይ ጣለችው። ራዱካኑ ከማሪያ ሳካሪ ጋር ስትጫወት ሐኪም ተጠርቶ አያት፤ ቢሆንም 6-4፣ 7-5 ጨረሰች።

ከጥላ ፍለጋ ወደ ልምምድ ሜዳዎቹ ሄድን። አጥሩ ሽቦ ነው፣ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሆነሽ ታያለሽ። ስሟን የማላውቃት አንዲት ልጅ አንድ ዓይነት ኳስ ደጋግማ ትመታለች፤ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ። ከአገጯ የሚወርደው ላብ ሜዳው ላይ ጠብ ይላል፣ ጥቁር ነጥብ ይሆናል፣ ሳልቆጥር ይደርቃል። ጫማዋ ስትቆም ይጮሃል፤ ሶሉ ከውጭ በኩል ተበልቶ ሌላ ቀለም አውጥቷል። አሠልጣኙ ምንም አይልም፤ ከቅርጫት ኳስ ያነሣል፣ ይወረውራል። እማዬ ሽቦውን በአንድ ጣቷ ይዛ ቆማ ቀረች። «ይህ እኮ ጨዋታ አይደለም» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ሥራ ነው»።

ያኔ ነው የሌይላን ነገር የነገርኳት። ሞንትሪያል የተወለደች ናት። አባቷ ከኢኳዶር የመጣ የቀድሞ እግር ኳስ ተጫዋች ነው፤ ቴኒስ ሳያውቅ ልጁን ራሱ እያነበበ አሠለጠነ። እናቷ የፊሊፒንስ ዘር ያላት ካናዳዊት ናት። ልጅቷ አሥር ዓመት ገደማ ሳለች ገንዘቡ አልበቃ አለ፤ እናቲቱ ለሥራ ካሊፎርኒያ ሄደች፣ ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ቀሩ። ለዓመታት። ሌይላ ራሷ ስለዚያ ጊዜ ስትናገር እናቷን የምታየው ጥቂት ቀን ብቻ እንደነበር ገልጻለች።

ይህን ስናገር የማወራው ስለ ቴኒስ ነበር። አፌ ላይ እያለ ነው ምን እየተናገርኩ እንደሆነ የገባኝ።

እማዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ዳቦ ቆሎ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠች፣ ለራሷ አልወሰደችም። ቤይሩት ስድስት ዓመት ነው የቆየችው፤ ስትሄድ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ስትመለስ አሥራ አምስት። ስለዚያ ቤት፣ ስለዚያ ወጥ ቤት፣ ስለተኛችበት ቦታ አውርታኝ አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅኳት። ከአንድ መንገደኛ ጋር የላከችልኝን ነጭ ሸራ ጫማ ግን አስታውሳለሁ። አንድ ቁጥር ያንሰኝ ነበር። በሌለችበት ማደጌን ለካ እጇ አልቆጠረውም።

«ጫማው ጠቦሽ ነበር አሉኝ» አለች እማዬ።

«ማን ነገረሽ?»

«እናቴ። ስመለስ። ‘ጠባት እንጂ አንድ ቀን አልወለቀም’ ብላ።»

ከዚያ ማይክሮፎኑ ሌይላ ፈርናንዴዝ ከቴይለር ታውንሴንድ ጋር መሆኑን ሲናገር እማዬ ቀድማኝ ተነሣች። ታውንሴንድም ወንድ ልጅ አላት፤ ሌላ ቀን ቢሆን እማዬ ለእሷ ትደግፍ ነበር። ዛሬ አልደገፈችም። ሌይላ አሸነፈች።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ገብርኤል። ሁለቱ እኅትማማቾች ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ወጥተዋል። እማዬ ወደ ቤይሩት ስትሄድ «በሰላም መልሰኝ» ብላ ለቁልቢ ገብርኤል የተሳለችውን ጥላ በተመለሰችበት ዓመት አስገብታለች፤ ከዚያ ወዲህ ሐምሌ 19ን የትም ብትሆን አታስታጉልም። ከቅዳሴ ሲመለሱ አክስቴ ልብሷን አልቀየረችም። «እንሂድ» አለች። እዚህ አገር በገባች በሃያ ዓመቷ ገደማ፣ በነጭ ቀሚስ፣ በሩን አልፋ ገባች።

የግማሽ ፍጻሜው ተጋጣሚ ኤሌና ሪባኪና ናት፣ ሞስኮ ተወልዳ ለካዛኪስታን የምትጫወት፣ ረጅም፣ ሰርቭዋ መድፍ። እማዬ «ከእኛ ከአፍሪካ ሰው የለም ወይ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ቱኒዚያዊቷ ኦንስ ጃቡር አለች፤ በ2022 ዊምብልደን ላይ፣ ቴኒስ ለፕሮፌሽናሎች ክፍት ከሆነበት ከ1968 ወዲህ ለግራንድ ስላም ነጠላ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች፣ እዚያ ያሸነፈቻትም ይህችው ሪባኪና ናት። ጃቡር በዚህ ወር ለጊዜው ከውድድር ማረፍ እንደምትፈልግ አስታውቃለች። አክስቴ ይህን ስትሰማ «በቃ፣ በትንሿ ልጅ በኩል ነኝ» አለች።

ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። ሦስቱም ዙር በታይብሬክ። የመጀመሪያውን ሪባኪና 7-6 ወሰደች። ሌይላ ከእሷ አንድ ራስ ያህል ታጥራለች፣ ግራኝ ናት፤ ሰርቭ ስታደርግ ኳሷ ወደ ውጭ ትጎብጥና ሪባኪናን ከሜዳው ታስወጣታለች። ኃይል ለኃይል ብትሞክር ታልቃለች፣ እሷም ታውቃለች። ስለዚህ ከመስመሩ አልራቀችም፤ የሪባኪናን ኳስ ነጥራ ሳትነሣ፣ ከምድሩ አንድ ስንዝር ላይ እየተቀበለች በራሷ በሪባኪና ጉልበት መለሰችላት። ይህን ለማድረግ እግር ያስፈልጋል። ትናንት ሽቦው ሥር ያየነው ያ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ለዚህ ነው።

ሁለተኛውን ዙር 7-6 ወሰደች። በሦስተኛው ስድስት ለስድስት ሲሆኑ ሜዳው ዝም አለ፤ የሚሰማው የነፍሳት ጩኸት ብቻ ነበር። እማዬ ዓይኗን ጨፍናለች። አክስቴ እጇን ይዛታለች። እኔ ነጥቡን በጆሯቸው እነግራለሁ፦ አንድ ለዜሮ፣ ሁለት ለአንድ፣ አምስት ለሦስት። ሰባት ለሦስት ሲያልቅ ሌይላ ራኬቷን ጥላ ፊቷን ሸፈነች መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም፣ እኔም ሸፍኜ ነበርና።

በሌላው ግማሽ ፍጻሜ አና ካሊንስካያ ራዱካኑን 6-4፣ 6-3 ረታች። የ2021ዱ ፍጻሜ አይደገምም ማለት ነው። አንዳንዱ ሰው ቆጭቶታል። እኛን አልቆጨንም።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ፍጻሜው 6-1፣ 6-2። ከትናንቱ ትግል በኋላ እግሯ ይዝላል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ጭራሽ እንደ ወፍ ነበረች። ካሊንስካያ መግቢያ ቀዳዳ አጣች። ለሌይላ አራተኛዋ የነጠላ ዋንጫ ናት፣ እስከ ዛሬ ካገኘቻቸው ሁሉ ትልቋ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው።

ዋንጫው ሲሰጥ ሰዉ ስልኩን አውጥቶ ሜዳውን ይቀርጻል። እማዬ ሜዳውን አላየችም። እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ የተጫዋቾቹ ቤተሰብ የሚቀመጥበትን ጥግ ትቃኛለች፤ ከተቀመጥንበት ከፍታ ፊት አይለይም፣ ኮፍያና ጭንቅላት ብቻ ነው።

«እናቷ የቷ ናት?»

«እማዬ፣ ከዚህ አይታይም። መምጣቷንም አላውቅ።»

«የሆነ ቦታ ናታ» አለች። እጇን ከግንባሯ አላወረደችም። ዋንጫው ተነሥቶ፣ ሙዚቃው ተከፍቶ፣ ሰዉ ወደ መውጫው መጉረፍ ጀምሮም ረድፍ በረድፍ ታይ ነበር።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ከሲልቨር ስፕሪንግ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወጣን። አክስቴ አንድ ሳህን ድፎ ዳቦ ቆርሳ ጠቀለለችልን፤ በር ላይ ሁለቱ ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ እማዬ፣ ስንመጣ ከኋላ የተቀመጠችው፣ የፊተኛውን በር ከፍታ ጎኔ ገባች።

ቨርጂኒያ ላይ ፀሐይ ወጣች። የሪችመንድ ታፔላ ሲያልፍ ቀና ብላ አየችው። ጥቂት ቆይታ ልጅቷ ቀጥሎ የት እንደምትጫወት ጠየቀችኝ።

«ሞንትሪያል። የተወለደችበት።»

ድፎውን ፈትታ ቆረሰችልኝ። «ቤቷ ልትደርስ ነው» አለች።

ከዚያ ስለ ቤይሩቱ ወጥ ቤት ማውራት ጀመረች። እስከ ሻርለት ድረስ ሬዲዮ አልከፈትንም።